ባንኩ ከሶኛል፣ ቁልፉን ጥዬ ልውጣ? (ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ)

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ኮሎምበስ ነው የምኖረው፣ ትራክ እነዳለሁ። የትራኩ ሞተር ተበላሽቶብኝ ስድስት ወር ሞርጌጅ (የቤት ብድር) አልከፈልኩም። ባለፈው ሳምንት ከፍርድ ቤት ወፍራም ፖስታ መጣ። ባለቤቴ ብድሩ ላይ ስሟ የለም፣ ክሱ ላይ ግን አለች። የቀረብኝ ዕዳ 182,000 ዶላር ነው። ሰፈራችን ውስጥ የኔን የሚመስል ቤት 290,000 አካባቢ ይሸጣል። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ ‹አበቃ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይሸጡታል፣ ቁልፉን ጥለህ ና› ይለኛል። እውነቱን ነው?»

አይደለም ወንድሜ። የአክስትህ ልጅ ግን አልዋሸህም። እሱ የሚያውቀውን የቨርጂኒያን ሕግ ነው የነገረህ። እዚያ ባንክ ቤት ለመሸጥ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልገውም። በብድሩ ውል የመሸጥ ሥልጣን የተሰጠው፣ ትረስቲ የሚባለው ሰው ማስታወቂያ ልኮና ጋዜጣ ላይ አውጥቶ ይሸጠዋል። ቴክሳስም እንደዚያው ነው፣ ዳላስ ያሉ ዘመዶችህን ብትጠይቃቸው የወሩን የመጀመሪያ ማክሰኞ ይነግሩሃል፣ ጨረታው የሚካሄደው ያን ቀን ነውና። አገር ቤትም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ራሱ በሐራጅ ይሸጣል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ባንክ «ወሰድኩት» ካለ ያለቀለት የሚመስለው።

ኦሃዮ ግን ሌላ ነው። እዚህ ባንኩ ከሳሽ ነው፣ አንተ ተከሳሽ ነህ፣ መሐል ላይ ዳኛ አለ። ዳኛው ሳይፈርድ ቤትህ አይሸጥም። ከተሸጠም በኋላ ዳኛው ሽያጩን ሳያጸድቀው ቤቱ ከእጅህ አይወጣም። ይሄ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፣ ማንም ባይከራከር እንኳን ወራት ነው፣ ከተከራከርክ ደግሞ ከዓመት ሊያልፍ ይችላል። ችግሩ ይህ ጊዜ የሚጠቅመው ለሚጠቀምበት ብቻ መሆኑ ነው። በሥራዬ የማየው አብዛኛው ሰው ቤቱን የሚያጣው ባንኩ ጎበዝ ጠበቃ ስላለው አይደለም። ፖስታውን ፍሪጅ ላይ አስቀምጦ ዝም ስለሚል ነው።

ከፖስታው እንጀምር። ውስጡ ሁለት ዋና ነገሮች አሉ፦ መጥሪያውና ክሱ። ክሱ ላይ የብድር ውልህና የመያዣ ውልህ ኮፒ ተያይዟል። ከሳሽ የሚለው ቦታ ላይ የማታውቀው ስም ብታይ አትደንግጥ፣ ብድር ይሸጣል ይለወጣል፣ በየወሩ የምትከፍለው ድርጅት ሰርቪሰር ነው እንጂ የብድሩ ባለቤት ላይሆን ይችላል። ተከሳሽ የሚለው ቦታ ላይ አንተ፣ ባለቤትህ፣ ምናልባት የካውንቲው (የአውራጃው) ትሬዠረር ማለትም ገንዘብ ያዥ፣ ቤቱ ላይ ሌላ ዕዳ ያስመዘገበ ካለም እሱ ይኖራል። ትሬዠረሩ የሚገባው በንብረት ግብር ምክንያት ነው፣ ቤቱ ሲሸጥ ግብር ከባንኩም ቀድሞ ይከፈላል።

መጥሪያው በደረሰህ በ28 ቀን ውስጥ መልስ ማስገባት አለብህ። ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዝ ይህን ያዝ። ቀኑ የሚቆጠረው ፖስታው ከደረሰህ ዕለት እንጂ ከከፈትከው ዕለት አይደለም። «አልፈርምም» ማለትም አያድንም። ፍርድ ቤቱ በሰርቲፋይድ ሜይል ይልካል፣ ሳትቀበል ቀርተህ «አልተወሰደም» ተብሎ ከተመለሰ በተራ ፖስታ ይልከዋል፣ እሱ ካልተመለሰ እንደደረሰህ ይቆጠራል። ፖስታ ቤቱን ሲሸሹ ከርመው ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሚመጡ አሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

መልስ ማለት ደግሞ ለዳኛው የተጻፈ የልመና ደብዳቤ አይደለም። ክሱ አንቀጽ በአንቀጽ ተቆጥሮ ተጽፏል፣ አንተም ለእያንዳንዱ አንቀጽ «አምናለሁ»፣ «እክዳለሁ» ወይም «የማውቀው በቂ መረጃ ስለሌለኝ እክዳለሁ» እያልክ ትመልሳለህ። ከዚያ በኋላ መከላከያ ካለህ ትጨምራለህ። ለምሳሌ ውልህ ባንኩ ዕዳውን በሙሉ ከመጠየቁ በፊት ማስጠንቀቂያ እንዲልክልህ ያስገድዳል፣ አብዛኛው ውል 30 ቀን ይሰጣል። ያ ደብዳቤ በትክክል ካልተላከ ጻፈው። የከፈልከው ካልተመዘገበልህም ጻፈው። ከሳሹ ክሱን ባቀረበበት ቀን ብድሩን የመጠየቅ መብት ነበረው ወይ የሚለውም ትልቅ ነጥብ ነው፣ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2012 ከክሱ በኋላ በተገኘ ሰነድ ይህን ጉድለት ማረም እንደማይቻል ወስኗል። በዚህ ብቻ ቤቱን በነፃ ታገኛለህ ማለቴ አይደለም፤ ክሱ ቢዘጋም ባንኩ ወረቀቱን አስተካክሎ እንደገና መክሰስ ይችላል። ግን መልስ ያስገባ ሰው እና ያላስገባ ሰው በባንኩ ጠበቃ ዓይን እኩል አይደሉም።

መልሱን ፍራንክሊን ካውንቲ ፍርድ ቤት፣ ክለርክ ኦፊስ (መዝገብ ቤት) ታስገባለህ። የኬዝ ቁጥርህን መጥሪያው ላይ ታገኘዋለህ፣ በዚያ ቁጥር ወይም በስምህ መዝገቡን በኢንተርኔት ማየት ትችላለህ። በየሳምንቱ ክፈተውና እየው። አንድ ኮፒ ለባንኩ ጠበቃ ትልካለህ፣ መልሱ መጨረሻ ላይም በዚህ ቀን ልኬያለሁ ብለህ ትፈርማለህ። አንድ ኮፒ ደግሞ የፍርድ ቤቱ ማህተም ያለበትን ለራስህ አስቀር። ጊዜው ካጠረህ ቀኑ ሳያልፍ ተጨማሪ ጊዜ ጠይቅ፣ መጀመሪያ ጊዜ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። እንግሊዝኛው የሚከብድህ ከሆነ ችሎት ስትቀርብ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፣ ማቅረብ የፍርድ ቤቱ ግዴታ ነው፣ ከኪስህ አይወጣም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅህን አስተርጓሚ አድርገህ አትውሰድ።

መልስ ካላስገባህ ምን ይሆናል? ባንኩ በሌለህበት ይፈረድልኝ ይላል፣ ዳኛውም ይፈርዳል። ከዚያ የከፋው ነገር ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። የጨረታው ቀን ሲወሰን ባንኩ በክሱ ለቀረቡ ወገኖች በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፣ ያልቀረበ ተከሳሽ ግን ይህ ማሳወቂያ ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ ቤትህ የሚሸጥበትን ቀን ከጋዜጣ ወይም ከጎረቤት ትሰማለህ ማለት ነው።

ሽምግልናውንም አትለፈው። ኦሃዮ ውስጥ ብዙ ካውንቲዎች፣ ፍራንክሊንን ጨምሮ፣ ለቤት ክሶች የሽምግልና ፕሮግራም አላቸው። አንተ፣ የባንኩ ጠበቃና የሰርቪሰሩ ተወካይ አስታራቂ ባለበት ትነጋገራላችሁ። ስልክ ላይ በየቀኑ አዲስ ሰው እያነሳ «ሰነዱ አልደረሰንም» ሲልህ ለከረመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ሽምግልናው ላይ ምን እንደጎደለ በቀን ተቆርጦ ይጻፋልና። የሽምግልና ፎርም መሙላት ግን የክሱን መልስ ይተካልኛል ብለህ አትተማመን። ሁለቱንም አስገባ።

አሁን ወደ ሰርቪሰሩ። ሞርጌጁን ለማስተካከል የሚቀርበው ማመልከቻ ላይ የፌዴራል ሕግ ጥበቃ አለህ። ሰርቪሰሩ 120 ቀን ውዝፍ ሳይሞላ መክሰስ አይችልም፣ ያንተ አልፏል። ክሱ ከተጀመረ በኋላም ቢሆን ከጨረታው ከ37 ቀን በላይ ቀደም ብለህ የተሟላ ማመልከቻ ካስገባህ፣ ያንን ሳይወስን ፍርድ መጠየቅም ሆነ ቤቱን መሸጥ አይችልም። «የተሟላ» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ሰው የሚወድቀው። አንተ በራስህ የምትሠራ ትራከር ነህ፣ ደሞዝ ስሊፕ የለህም። ስለዚህ የሁለት ዓመት የታክስ ወረቀት፣ የባንክ ስቴትመንት በሁሉም ገጹ፣ ባዶ ነው የምትለውን የመጨረሻ ገጽ ሳይቀር፣ የገቢና ወጪ ሠንጠረዥ ከነነዳጁ ከነኢንሹራንሱ፣ እና ለምን እንደተቸገርክ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ ትጠየቃለህ። ደብዳቤው ውስጥ የሞተሩን የጥገና ደረሰኝ አያይዝ፣ ችግሩ አልፏል፣ እንደገና እየሠራሁ ነው በል። ባንኩ ማወቅ የሚፈልገው ከአሁን በኋላ ትከፍላለህ ወይስ አትከፍልም የሚለውን ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ላክ፣ የላክህበትን ማረጋገጫ ያዝ። ብድሩ ኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው) ከሆነ ውዝፉን ወለድ በሌለው ሁለተኛ ዕዳ አድርጎ ወደ መጨረሻ የሚያስተላልፍ አማራጭ አለ፣ በስሙ ጠይቃቸው፦ ፓርሻል ክሌም።

አንድ ነገር ግን አታድርግ። የአንድ ወር ክፍያ እየላክህ ልታባብላቸው አትሞክር። ከተከሰስክ በኋላ ጎዶሎ ክፍያ ብዙ ጊዜ ይመልሱታል። የምትልከውን በተለየ አካውንት አስቀምጥ፣ ስምምነት ሲመጣ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ ሳይሳካ ቢቀርም ቤት ስትለቅ ዕቃ ማጓጓዣ ይሆንሃል።

ባንኩ ካልተስማማና ክሱ ከቀጠለ ባንኩ ሳመሪ ጀጅመንት የሚባለውን ይጠይቃል፣ «ጭብጥ የለም፣ ምስክር መስማት አያስፈልግም፣ በወረቀት ይፈረድ» ማለት ነው። አብዛኛው የቤት ክስ እዚህ ያልቃል። ከተፈረደ 30 ቀን ይግባኝ አለህ፣ ግን ይግባኝ ብቻውን ጨረታውን አያቆመውም፣ ዕግድ ጠይቀህ አብዛኛውን ጊዜ ዋስትና ማስያዝ ይኖርብሃል።

ከፍርዱ በኋላ ጉዳዩ ጨረታውን ወደሚያካሂደው የካውንቲ ባለሥልጣን፣ ወደ ሸሪፍ ይሄዳል። ከ2016ቱ ሕግ ወዲህ በግል ሻጭም ሊሸጥ ይችላል። ሦስት ገለልተኛ የካውንቲው ነዋሪዎች ቤቱን ይገምቱታል፣ ሽያጩ ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ጋዜጣ ላይ ይወጣል፣ ጨረታው ዛሬ ዛሬ በኢንተርኔት ነው። የመነሻ ዋጋው የግምቱ ሁለት ሦስተኛ ነው። በመጀመሪያው ጨረታ ገዢ ካልተገኘ ግን በሁለተኛው ያ መነሻ ይቀራል።

አሁን ይህን ባንተ ቁጥር አስበው። ገማቾቹ 270,000 አሉ እንበል። መነሻው 180,000 ይሆናል። ጨረታው ሞቅ ብሎ 200,000 ቢገባ፣ 182,000ው ላይ የተጠራቀመ ወለድ፣ ባንኩ የከፈለልህ ኢንሹራንስና ግብር፣ የፍርድ ቤትና የሸሪፍ ወጪ ይደመርበታል፣ ላንተ የሚተርፈው ትንሽ ወይም ምንም ነው። ይህንኑ ቤት ከፍርዱ በፊት ወይም ጨረታው ሳይደርስ በኤጀንት በ290,000 ብትሸጠው፣ ዕዳውን፣ ኮሚሽኑንና የክሎዚንግ (የሽያጭ ማጠናቀቂያ) ወጪውን ከፍለህ ብዙ አሥር ሺዎች ይዘህ ትወጣለህ። ክስ ስላለ መሸጥ አይቻልም የሚሉህን አትስማ። ቤቱ ያንተ ነው፣ ትሸጠዋለህ፣ የባንኩ ዕዳ ክሎዚንግ ላይ ተከፍሎ ክሱ ይዘጋል። የማትችለው ዝም ብለህ ጊዜውን ማባከን ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪድ፦ ማመልከቻውን አስገባ፣ ለኤጀንትም ደውልና ቤቱ ምን እንደሚያወጣ እወቅ። የባንኩ መልስ «አይሆንም» ከሆነ የ«ይሸጣል» ሰሌዳው በዚያው ሳምንት ይውጣ።

ጨረታው ላይ ያሸነፈው ሰው ወዲያው የሚያስይዘው ገንዘብ ብዙ አይደለም። ለመኖሪያ ቤት እስከ 200,000 ግምት ላለው 5,000፣ ከዚያ በላይ ላለው 10,000 ዶላር ነው። ቀሪውን የሚከፍለው ሽያጩ ከጸደቀ በኋላ ነው። ዳኛው ሽያጩን እስኪያጸድቅ ድረስ ደግሞ አንተ የተፈረደብህን ሙሉ ዕዳ ከነወለዱና ከነወጪው ከፍለህ ቤቱን ማስመለስ ትችላለህ። ውዝፉን ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን። ለብዙ ሰው የማይቻል ነገር ነው፣ ያንተ ቤት ግን ዋጋ ስላለው ወንድም ወይም እህት የሚገዛው ካለ ጊዜው ሳያልፍ ሊሆን ይችላል።

ቻፕተር 13 ባንክራፕሲ የሚባለው፣ በፍርድ ቤት ዕዳን ከፋፍሎ የመክፈያ የኪሳራ ሕግም አለ። ከጨረታው በፊት ከገባ ሽያጩን ያቆመዋል፣ ውዝፉን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ከፋፍለህ ትከፍላለህ፣ መደበኛውን ክፍያ ደግሞ በየወሩ ከላይ ትጨምራለህ። ገቢህ ተመልሶ ከሆነ ላንተ የሚሆን መንገድ ነው። ከጨረታው በኋላ ግን ውዝፉን የማስተካከል መብቱ ያልፋል። ይህን ለማየት የባንክራፕሲ ጠበቃ አማክር እንጂ ፌስቡክ ላይ የሚያስተዋውቅ «ቤት አድን» ነኝ ባይ ጋ አትሂድ። ክስ የሕዝብ መዝገብ ስለሆነ ስምህን አይተው በፖስታም በስልክም ይመጣሉ። ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅህንና «ቤቱን ለጊዜው በኔ ስም አዙረው» የሚልህን አባር፣ ከገዛ ሰፈራችን ቢሆንም፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ የምታውቀው ቢሆንም። ሃድ (የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት) የሚያረጋግጣቸው አማካሪዎች ለዚህ ጉዳይ በነፃ ይረዱሃል። ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ ሊጋል ኤይድ የሚባል የሕግ ድጋፍ ድርጅት አለ፣ እሱም በነፃ ነው፣ ግን ወረፋ ስላለው ዛሬ ደውል።

ወደ ቁልፉ ልመለስ፣ «ጥለህ ና» ያሉህን። ቁልፍ ጥሎ መሄድ ዕዳ አይሰርዝም። ቤቱ ሽያጩ እስኪጸድቅና ስሙ እስኪዞር ድረስ በስምህ ነው። በረዶ ሲመጣ ቧንቧው ቢፈነዳ፣ ሣሩ አድጎ ከተማው ቢቀጣ፣ የሚመጣው ወዳንተ ነው። ኢንሹራንሱም ሰው ለማይኖርበት ቤት ላይከፍል ይችላል። ሌላው፣ ኦሃዮ ባዶ ለተተወ ቤት ክሱ በአጭር መንገድ እንዲያልቅ የሚያደርግ ሕግ አላት፣ ስለዚህ ስትወጣ ያለህን ጊዜ ራስህ ታሳጥረዋለህ። ቤቱ ሲሸጥ ዕዳውን ካልሸፈነ ባንኩ ለቀረው ሊያሳድድህ ይችላል፣ ለመኖሪያ ቤት ይህን የሚያደርግበት ጊዜ በመሠረቱ ሽያጩ ከጸደቀ ሁለት ዓመት ነው። በእርግጥ ቤቱን በስምምነት ማስረከብ የሚባል ነገር አለ፣ ግን እሱ በወረቀት ነው፣ ቀሪውን ዕዳ እንተዋለን የሚል መስመር ካልተጻፈበት አትፈርም። ያንተን ያህል ዋጋ ላለው ቤት ደግሞ የመጨረሻው አማራጭ እሱ ነው፣ 100,000 ዶላር የሚጠጋ ልዩነት ለባንክ በስጦታ መስጠት ነውና።

ጨረታው ላይ ከዕዳው በላይ ከተሸጠ ትርፉ ያንተ ነው፣ በፍርድ ቤቱ ክለርክ እጅ ይቀመጣል፣ አንተ መጠየቅ አለብህ። ወደ ሌላ ከተማ ብትሄድ እንኳን አድራሻህን ለፍርድ ቤቱ አሳውቅ። ትርፉን «እናወጣልሃለን» ብለው ትልቅ ድርሻ የሚቆርጡ አሉ፣ ራስህ ሄደህ ማመልከት ትችላለህ።

ባለቤትህ ለምን ተከሰሰች ላልከው፣ ምናልባት በዳወር መብቷ ነው። ኦሃዮ ውስጥ ባለትዳር በትዳር ጓደኛው ቤት ላይ መብት አለው፣ ስሟ ብድሩ ላይ ባይኖርም ባንኩ ያንን መብት በፍርድ ለማስወገድ ይከሳታል። ብድሩን ካልፈረመች ገንዘቡን እሷ ትከፍላለች ማለት አይደለም። ግን እሷም የራሷ 28 ቀን አላት፣ የሚቆጠረው ለሷ መጥሪያ ከደረሰበት ዕለት ነው። አንተ ጠበቃ ስላልሆንክ ለሷ ፈርመህ ማስገባት አትችልም። ሁለታችሁም አንድ መልስ ላይ ልትፈርሙ ትችላላችሁ፣ ወይም ሁለት ለየብቻ ታስገባላችሁ። ዋናው የሷም ፊርማ ከቀኑ በፊት እዚያ መዝገብ ላይ መኖሩ ነው።